የዳቦው ምስል ለዳቦው ይመስክር
ከቤት ጋጋሪዎች ጋር ሆኖ የጣፋጭ ምግብ ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት

የሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍሎች እናቶችንና እኅቶችን በገቢ ማስገኛ ሥራ ለማቋቋም ሲመክሩ ብዙ ጊዜ ከሚነሡት አሳቦች አንዱ ዳቦና ጣፋጭ ጋግሮ መሸጥ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ለመነሻ የሚጠይቀው ገንዘብ ከብዙ ሥራዎች ያነሰ ነው፤ ፈላጊውም ከዓመት እስከ ዓመት አይጠፋም። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ዝክር፣ የጽዋ ማኅበርና ምረቃ ያለ ዳቦ አይታሰቡም። ነገር ግን በማጀቷ ሆና የምትጋግር እናት አንድ ነገር ይጎድላታል፤ የሱቅ መስኮት የላትም። በኬክ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ መንገደኛ በመስተዋቱ ውስጥ የተደረደረውን አይቶ ይገባል። የእርሷን ዳቦ ግን ከጎረቤቶቿና ከማኅበርተኞቿ በቀር የሚያየው የለም።

ዛሬ ይህን ጉድለት በመጠኑ የሚሞላው የእጅ ስልክ ነው። አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ጋጋሪዋ በአካል ያልደረሰችበት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው እናቶችን እንዲያግዙ ማድረግ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙም ብዙ የሆነ አገልግሎት ነው። ሥራው ግን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ምስሉ ደካማ ከሆነ መልካሙን ዳቦ ያስንቃል፤ ከእውነቱ በላይ ከተዋበ ደግሞ የጋጋሪዋን ስም ያጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ምስሉ ጥሩም እውነተኛም እንዲሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ቦንጋንና የካፋ ዞንን በምሳሌነት ይዘን በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ቦንጋና የካፋ ማጀት

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋማና ዝናባማ ከተማ ናት። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ለስብሰባ፣ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማዋ የሚመጣው እንግዳም ለጋጋሪዎች አዲስ ገዢ ነው።

በዙሪያዋ ያለው የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ከዚህ ደን የሚገኙት የጫካ ማር፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ቡና ለጣፋጭ ምግብ ሥራ ከሌላ አገር የማይናፈቁ በረከቶች ናቸው። ድፎ ዳቦ የሚጠቀለልበት ኮባም በእንሰት አገር አይጠፋም። እንግዲህ በቦንጋ የምትኖር ጋጋሪ በማርና በኮረሪማ ያጣፈጠችውን ዳቦ ስታቀርብ የምታቀርበው የምግብ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አገሯንም አብራ ታቀርባለች። ፎቶግራፍ አንሺውም ይህን ቢያሳይ መልካም ያደርጋል። ዳቦው በስኳር ተጋግሮ ሳለ የማር ማሰሮ ከጎኑ ቢያስቀምጥ ግን ገዢው የሚያነበው በምስሉ ያልተጻፈውን ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው መመሪያ የብርሃን ወይም የካሜራ መመሪያ ሊሆን አይችልም፤ የእውነት መመሪያ ነው።

ምስሉ የተሰጠ ቃል ነው

የምግብ ፎቶግራፍ በዓለም ላይ የታወቀ ሙያ ከሆነ ቆይቷል፤ ማታለያዎቹም እንዲሁ። በአሜሪካ አገር ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ማስታወቂያዎች ላይ በሳሕኑ ሥር የብርጭቆ ብይ ተጨምሮ ነበር። ብዮቹ ወደ ታች የሚሰጥሙትን አትክልቶች ወደ ላይ ስለ ደገፏቸው ሾርባው ከእውነቱ ይልቅ የበዛ አትክልት ያለበት መስሎ ታየ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ አድራጎቱን አሳሳች ነው አለ፤ ኩባንያውም በ1970 እ.ኤ.አ. በስምምነት ትእዛዝ ድርጊቱን ላለመድገም ግዴታ ገባ። በሳሕኑ ውስጥ የነበረው ሾርባ እውነተኛው ሾርባ ነበር፤ ሐሰቱ በአቀራረቡ ላይ ነበር። ለእኛም ትምህርት የሚሆነው ይህ ነው።

በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ለአንዲት የቤት ጋጋሪ ከሕጉ በፊት የሚደርስባት ፍርድ የገዢው ፍርድ ነው። ትልልቅ ድርጅት አንድ ደንበኛ ቢያጣ ሌላ ያገኛል። እርሷ ግን ደንበኞቿ በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጡ ናቸው። በምስሉ ትልቅ መስሎ የታየው ዳቦ ሲደርስ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ይደርሳል። በገበያ ሚዛን ማጉደል ኃጢአት እንደ ሆነ አባቶች ሁልጊዜ ያስተምራሉ፤ ሚዛኑ በዓይን የሚታይ ምስል ሲሆንም ትምህርቱ አይለወጥም።

ስለዚህ የሚነሣው ምግብ ለገዢው የሚቀርበው ራሱ ይሁን፤ ለፎቶ ብቻ ተብሎ የተለየ ዳቦ አይጋገር። መጠኑን ለማሳየት ሁሉ ሰው መጠኑን የሚያውቀው ዕቃ፣ ለምሳሌ የቡና ሲኒ፣ ከአጠገቡ ይቀመጥ። በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ማስተካከያ የሚደረገው እርማት ምስሉን ወደ እውነተኛው ቀለም ለመመለስ ብቻ ይሁን። ከዚህ አልፎ ዳቦውን ማቅላት፣ ማሳደግ ወይም የሌለ እንፋሎት መጨመር አይገባም።

አስቀድሞ ከጋጋሪዋ ጋር መስማማት

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሥራ የሚበላሸው ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ ሲደርስ ጋጋሪዋ እንደ ዕቃ ከጎን ስትቆም ነው። ስለ ዳቦው ከእርሷ ይልቅ የሚያውቅ የለም። የማር ዳቦው ከምጣድ ሲወርድ የሚያበራው ወዝ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የትኛው ጎኑ በደንብ እንደ ነፋ፣ ገዢዎቿ ሁልጊዜ የሚጠይቋት ምን እንደ ሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። ስለዚህ ምስል ከመነሣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል። የትኞቹ ምግቦች ይሸጡ? በሳምንት ስንት ማድረስ ትችላለች? የትኛው ቀን ትጋግራለች? አምስት ትእዛዝ ለመቀበል የሚበቃ ምጣድ ያላት ጋጋሪ ሃያ ትእዛዝ የሚያመጣ ማስታወቂያ ቢወጣላት ተጠቀመች ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የስምምነት ጉዳይ የእርሷ የራሷ ምስል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይደነግጋል። ጋጋሪዋ እጇ ብቻ እንዲታይ ትፈልግ ይሆናል፤ ወይም ነጠላዋን ለብሳ ከዳቦዋ ጋር ብትታይ ደስ ይላት ይሆናል፤ ወይም ፈጽሞ ባትታይ ትመርጥ ይሆናል። ሦስቱም የሚከበሩ ናቸው። በተለይ ለልማት ሠራተኞች መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ለገበያ የተነሣ ምስል ወደ ረድኤት ሪፖርት እንዲሁ አይሻገርም። አንዲት እናት ዳቦዋን ለመሸጥ ፈቅዳ የተነሣችው ፎቶ በሌላ ጊዜ ችግረኛነቷን በሚገልጽ ጽሑፍ ሥር ቢወጣ፣ ፈቃዷ ለአንዱ እንጂ ለሌላው ስላልተሰጠ፣ ክብሯ ይነካል። የዚህ ሥራ ፎቶ ለጋሽን ለማሳዘን ሳይሆን ገዢን ለመጋበዝ ነው።

ሦስተኛው የፎቶው ባለቤትነት ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ምስሉን ያነሣው ወጣት በነጻ ቢያነሣም፣ ጋጋሪዋ በምን በምን እንደምትገለገልበት፣ ሌላ ጋጋሪ እንዳትጠቀምበትም በአንድ ገጽ ጽሑፍ ተስማምተው ቢፈርሙ በኋላ ቅሬታ አይነሣም። ለአንሺው የድካሙ ዋጋ በገንዘብ ይሁን ወይም በዳቦ፣ ያም በዚያው ገጽ ይጻፍ። ለፎቶ የተቆረሰው ዳቦ ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣም አብሮ ይወሰን፤ ጋጋሪዋ ብቻዋን እንድትሸከመው መተው ተገቢ አይደለም።

የቦንጋ ብርሃን

የፎቶግራፍ ሥራ ከሁሉ በላይ የብርሃን ሥራ ነው። ውድ ካሜራ በመጥፎ ብርሃን ከሚያነሣው ይልቅ መጠነኛ ስልክ በጥሩ ብርሃን የሚያነሣው ይሻላል። በዚህ ረገድ ቦንጋ ዕድለኛ ናት። ሰማዩ ደመና በሸፈነው ጊዜ ብርሃን ከአንድ ነጥብ ሳይሆን ከሰማይ ሁሉ ስለሚመጣ ጥላው ይለሰልሳል፤ የዳቦው ቆዳ፣ የማሩ ወዝና የፍርፋሪው ቅንጣት በግልጽ ይታያሉ። ብዙ ሰው ፎቶ ለማንሣት ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል። ለምግብ ግን የተሻለው ደመናማው ቀን ነው።

ፀሐይ ባለበት ቀን ምግቡ በመስኮት ወይም በተከፈተ በር አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትደርስበት በኩል ይቀመጥ። በውጭ አገር መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ወደ ሰሜን የሚመለከት መስኮት እንዲመረጥ ይመከራል፤ ይህ በአውሮፓ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ነው። ቦንጋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ስለዚህ ምክሩን እንዳለ መቀበል አይቻልም፤ በዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ፀሐይ ሊገባበት ይችላል። ፀሐይ የማይገባበትን መስኮት በየወራቱ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ማየት ይበልጣል። ከሰዓቶችም ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ይመረጣል። በቀትር ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ስለሚወድቅ የዳቦው ጎን ይጨልማል።

ብርሃኑ ከጎን ወይም ከጎንና ከኋላ መካከል ቢመጣ የዳቦው ቅርጽ ይወጣል፤ የማሩም ወዝ ያበራል። ከፎቶ አንሺው ጀርባ የሚመጣ ብርሃን ግን ሁሉን ያጠፍጥፋል። ከመስኮቱ በተቃራኒ ያለው ጎን እጅግ ከጨለመ ነጭ ካርቶን ወይም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሌዳ ማቆም ብርሃኑን መልሶ ወደ ዳቦው ይጥላል። ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

በካፋ ከሌላው አገር ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው የቀለም ነጸብራቅ ነው። በረንዳው በእንሰትና በለምለም ቅጠል የተከበበ ከሆነ ከቅጠሉ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃን በነጩ ክሬም ላይ ያርፋል፤ ሰማያዊ ሸራ ሥር ከተነሣም ዳቦው የታመመ ይመስላል። ዓይናችን ይህን ስለሚለምደው ላያስተውለው ይችላል፤ ካሜራው ግን ይመዘግበዋል። ከቅጠሉ ርቆ ወደ ቤት ውስጥ መግባት ወይም በሸራው ፋንታ ነጭ ጨርቅ መዘርጋት መፍትሔ ነው። እንዲሁም የመስኮት ብርሃንና የኤሌክትሪክ አምፖል በአንድነት አይበሩ፤ የሁለቱ ቀለም ስለሚለያይ የዳቦው ግማሽ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። የስልኩም ብልጭታ አይጠቀሙበት።

ስልኩን ስለ መያዝም ጥቂት እንጨምር። በማጀት የሚውል ስልክ መስተዋቱ በጣት ስብና በጢስ ይደበዝዛልና ከሁሉ በፊት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይወልወል። በጣት ጎትቶ ከማቅረብ ይልቅ ራሱ አንሺው ይጠጋ። ምስሉ እንዲጠራ የተፈለገውን ቦታ፣ ለምሳሌ የተቆረሰውን ፊት፣ በጣት ይንካ። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ድምቀት ስለሚያመጣ በነጭ ጨርቅ ላይ ያለ ነጭ ኬክ ወደ አመድማ፣ በጥቁር እንጨት ላይ ያለ የጠቆረ የማር ዳቦ ደግሞ ከልክ በላይ ወደ ነጣ ይለውጣል። በመጀመሪያው ድምቀቱን ጥቂት መጨመር፣ በሁለተኛው ጥቂት መቀነስ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ምስሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ጥራቱን ይጠብቃል።

እያንዳንዱ ጣፋጭ የራሱ ጠባይ አለው

ድፎ ዳቦ ትልቅነቱና ቁመናው ነው የሚታየው። ስለዚህ ከላይ ብቻ ቢነሣ ጠፍጣፋ ክብ ይመስላል፤ ተቀምጦ በሚበላ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ጥቂት ከላይ አዘንብሎ ሲነሣ ከፍታው ይወጣል። የተጋገረበት ኮባ ከሥሩ ቢታይ አሠራሩን ያስረዳል። ለበዓል የታዘዘ ዳቦ ግን ከባረኩት በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይቆረስም፤ የውስጡን ለማሳየት ሲባል የሰውን ትእዛዝ መቁረስም አይቻልም። መፍትሔው ከዚያው ሊጥ ጥቂት ከፍሎ ትንሽ ዳቦ አብሮ መጋገርና እርሱን ቆርሶ ማንሣት ነው። ከአንድ ሊጥ ስለ ሆኑ ምስሉ እውነተኛ ነው።

የማር ዳቦ ማር ስላለበት ቶሎ ይጠቁራል፤ ጠባዩ ነውና በማስተካከያ ማንጣት አያስፈልግም። ትኩስ ዳቦ በቢላ ቢቆረጥ ውስጡ ይጨማደዳል፣ እንደ ሊጥም ይያያዛል። ስለዚህ ከምጣድ እንደ ወረደ እንፋሎቱ የሚታየው ሙሉው ይነሣ፤ የተቆረጠው ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥርሳማ ቢላ ተቆርጦ ይነሣ። እንፋሎቱ በእውነት ካለ ብርሃኑ ከኋላ፣ ዳራው ጠቆር ያለ ሲሆን በዓይን ይታያል።

ቦምቦሊኖና ሌላው በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ይስባል፤ ወዙም ይሞታል። ስለዚህ ብርሃኑና ቦታው ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ምግቡ እንደ ወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣ። ዳቦ ቆሎ በተቃራኒው አይቸኩልም፤ ነገር ግን የቦንጋ እርጥበት ቶሎ ስለሚያላላው ክዳን ባለው ዕቃ ይቆይ። ጥቃቅንና ብዙ ስለ ሆነ ከላይ ቀጥታ ቢነሣ፣ በሰፌድ ወይም በትንሽ ሳሕን ተሞልቶ ጥቂቱም በእጅ መዳፍ ላይ ቢታይ መጠኑ ይታወቃል። ክሬም ያለበት ኬክ የሚነሣው ከጎን፣ ድርብርቡ እንዲታይ ነው፤ አንድ ቁራጭ ወጥቶለት ውስጡ ሲታይ ገዢው የሚፈልገውን ያገኛል።

ከሥር የሚዘረጋው ጨርቅና ዕቃ ከቤቱ ይሁን። መሶብ፣ ሰፌድ፣ የእንጨት ገበታና የሸክላ ዕቃ በየቤቱ አሉ፤ ከከተማ ኬክ ቤት የተቀዳ ጌጥ አያስፈልግም። አበባና ዕቃ ሲበዛ ዓይን ዳቦውን ይረሳል።

የጾምና የፍስክ ምስል

ለእኛ ምእመናን ከቀለምና ከቅርጽ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ከሰባቱ አጽዋማት መካከል ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብም ከበዓለ ኃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ስለዚህ የጾም ጣፋጭ ለጋጋሪዋ ሰፊ ገበያ ነው፤ አደራውም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። ገዢው ማዕዱን በእርሷ ቃል ላይ ተማምኖ ይቀምሳልና።

የፎቶግራፍ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። የፍስክ ዳቦ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ወርቃማ ወዝ የእንቁላል ቅብ ውጤት ነው። እንቁላል የተቀባው ዳቦ ፎቶ «የጾም ዳቦ» በሚል ጽሑፍ ሥር ከወጣ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ ገዢው የሚደርሰው ዳቦ ከምስሉ የደበዘዘ ስለሚሆን እንደ ተታለለ ያስባል። ሁለተኛ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ወዙን አይቶ እንቁላል አለበት ብሎ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ከተነሣ በኋላ ጋጋሪዋ እውነቱን ብትናገር እንኳ ለማሳመን ትቸገራለች። ስለዚህ የጾሙ ዳቦ ለብቻው፣ የፍስኩም ለብቻው ይነሡ። የጾሙ ዳቦ ወዝ እንዲኖረው ከተፈለገ ከምጣድ እንደ ወረደ የስኳር ሽሮፕ መቀባት ይቻላል፤ በምስሉም የሚታየው እርሱ ይሆናል።

ከምስሉ ሥር የሚጻፈውም በጥንቃቄ ይሁን። የዳቦው ስም፣ ክብደቱ፣ የገባበት ሁሉ፣ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ፣ ዋጋውና ከስንት ቀን በፊት መታዘዝ እንዳለበት ይጻፍ። ምጣዱ ወይም ቅርጹ በቅቤ ከተቀባ ሊጡ የጾም ቢሆንም ዳቦው የጾም አይደለም። በፋብሪካ የሚሠራ ማርጋሪን ወተት ሊኖርበት ስለሚችል በማሸጊያው ላይ ያለው ይነበብ። ለጾምና ለፍስክ ዕቃው የሚለይ ከሆነ ያን መጻፍ ከማንኛውም ውብ ፎቶ ይልቅ እምነት ይስባል።

ከገበያ የሚለይ ነገር

ዳቦ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከምግብነት ያለፈ ስፍራ ስላለው አንድ ወሰን መቀመጥ አለበት። በቤተ ልሔም የሚዘጋጀው ኅብስት የንግድ ምስል አይነሣለትም፤ ከሽያጭ ዳቦ ፎቶም ጋር በአንድ ገጽ አይቀላቀልም። ሥዕለ አድኅኖ፣ መስቀልና ንዋያተ ቅድሳት ለሽያጭ ዳራ አይሁኑ። ሰበካ ጉባኤው ጋጋሪዋን ቢረዳም ዳቦው የቤተ ክርስቲያን በረከት ነው በሚል አኳኋን ማስተዋወቅ ከሌሎች ጋጋሪዎች ያበላልጣል፤ ምእመኑንም ግራ ያጋባል። ጸበል ጻዲቅ ተብሎ የተሰጠውንም መልሶ ለገበያ ማንሣት አይገባም። አባቶች ካህናት ይህን ወሰን ሥራው ሳይጀመር ለወጣቶቹና ለጋጋሪዎቹ ቢያስረዱ በኋላ እርማት አያስፈልግም።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ በጀት አያሻም። ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ወይም ሦስት ትጉሃን ወጣቶችን ይመድብ፤ ጋጋሪዎቹን ይሰብስብ፤ የፈቃድና የባለቤትነት ስምምነቱን በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ላላነበቡት ያስነብብ። በአዳራሹ ውስጥ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት አንድ መስኮት ይምረጥ፤ ጠረጴዛ፣ ነጭ ካርቶንና ጥቂት ንጹሕ ጨርቅ ያኑር። ከዚያ በወር አንድ ቀን ጋጋሪዎቹ በየተራ ዳቧቸውን ይዘው ይምጡ። ሁሉም በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ጠረጴዛ ከተነሡ ገዢው የሚያወዳድረው ዳቦውን እንጂ የፎቶ አንሺዎቹን ችሎታ አይሆንም፤ የተሻለ ስልክ ያለው ልጅ ያላት እናትም ከሌለችው አትበልጥም።

ምስሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ቀላል ምርመራ ይደረግ። በየሦስት ወሩ ለገዢ ከሚደርሱት ዳቦዎች አንዱን ከታተመው ፎቶ አጠገብ አስቀምጦ ማየት ነው። መጠኑ ቢቀንስ፣ የዱቄት ዋጋ ስለ ናረ አሠራሩ ቢለወጥ፣ ማሩ በስኳር ቢተካ አሮጌው ፎቶ ወርዶ አዲስ ይነሣ። ዋጋ በተወደደበት ጊዜ ዳቦን ማሳነስ ነውር አይደለም፤ የትልቁን ፎቶ ይዞ ትንሹን መሸጥ ግን ነው። የደንበኞች ቅሬታም ሆነ ምስጋና በመዝገብ ይያዝ። ከየትኛው ምስል በኋላ ትእዛዝ እንደ መጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለሚታወቅ ጋጋሪዋ የቱን ጣፋጭ ብትጨምር፣ የቱን ብትተው እንደሚበጃት ከዚያ ትረዳለች።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ዳኝነቱ በጋጋሪዋ እጅ ይቆይ። ምስሉ ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቀው የመጨረሻ ጥያቄ «ፎቶው አምሯል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ይህን ምስል ያየ ሰው ነገ ደጅሽን ቢያንኳኳ፣ ይህንኑ ዳቦ አውጥተሽ ትሰጪዋለሽ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። አዎን ካለች ፎቶው ይውጣ። ካመነታች ስልኩን አስቀምጦ ወደ ማጀቱ መመለስ ይሻላል፤ የሚስተካከለው ዳቦው ነው ወይስ ምስሉ የሚለውን የምታውቀው እርሷ ናትና።